የጋሽ ማገዶ ጆሮ

ጫካ ለማዳን እንጨት ይቆረጣል ቢባል መጀመሪያ የሚስቀው ጋሽ ማገዶ ነው። ስቋልም። ከስድስት ዓመት በፊት የሚስቱ ታናሽ እህት ቤቱ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የእጅ መሣሪያ እጀታ የሚሠራ ድርጅት ላቋቁም ነው። ትርፉ በሙሉ ለጫካው ነው። እንጨት መቅረጫውን ቶርኖ አንተ ትይዝልኛለህ» ስትለው የሚጠጣው ሻይ ትን እስኪለው ስቋል።

«አንቺ ልጅ፣ በጉን ለማዳን ሥጋ ቤት መክፈትሽ እኮ ነው» አላት።

አልተቀየመችም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ያስተማረች ሴት በእንዲህ ያለ ነገር አትቀየምም። ዛሬም ድረስ ሁሉም «መምህርት» ነው የሚላት። ወረቀት አወጣችና ሰባት ክብ ሥላ አስረዳችው። ጫካው ለሰባት ይከፈላል። በየዓመቱ ከአንዱ ክፍል ብቻ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሳይነኩ፣ የእጅ አንጓ የሚያክሉት ቀጫጭን እንጨቶች ከጉልበት በታች ይቆረጣሉ። ጉቶው አይሞትም፣ ያቆጠቁጣል። ሰባት ዓመት ሲሞላው ለአካፋና ለዶማ እጀታ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት አሳድጎ ይጠብቃል። ከእጀታው የሚገኘውን ትርፍ ማንም አይካፈለውም። የጫካው ኪራይ ይከፈልበታል፣ የጥበቃዎቹ ደመወዝ ይከፈልበታል፣ የተራቆተው ዳገት ችግኝ ይለብስበታል። ከዚያ የተረፈ ካለ ሌላ ጫካ ይከራዩበታል።

«ዛፉ ራሱን ያስተዳድር ነው የምለው። ልመና ሰልችቶኛል» አለችው።

የልመናውን ነገር እሱም ያውቃል። ለችግኝ ማፍያ ብላ በየቢሮው ደጅ ስትጠና፣ ዛሬ ነገ ሲሏት፣ በጫማዋ ሶል ቀዳዳ ጠጠር እየገባ ስትመለስ አይቷታል። ሳቁን ዋጠና በሳምንቱ ሥራ ጀመረ። ከጀመረ በኋላማ የሚስቅበትን ሰው የሚጣላው እሱ ሆነ።

መሥሪያ ቤቱ ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረ ረጅም ቤት ነው። በአንደኛው ጫፍ ሁለት ቶርኖ ቆሟል። መሃል ላይ እጀታ የሚለሰልስበት ጠረጴዛ አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ እንጨቱ የሚደርቅበት ክፍልና ምድጃው። በሌላው ጫፍ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጋሽ ማገዶ ከሰዓት በኋላ ቶርኖውን ለረዳቱ ይተውና እዚያ ይቀመጣል። ያለቀለትን እጀታ በሁለት ጣቱ አንገቱን ይዞ ድንጋዩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያንኳኳዋል። ደህናው እጀታ ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። ውስጡ የተሰነጠቀው፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይ እንኳ፣ ታፍኖ ዱብ ይላል። ዱብ ያለውን «ማገዶ» ይልና ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በትከሻው ላይ ወደ ኋላው ሣጥን ይወረውረዋል። ስሙ የወጣው ከዚህ ነው። ደህናው ላይ የጋለ ብረት ይተኮሳል፤ አንዲት ቅጠል፣ ከቅጠሏ ሥር ደግሞ እንጨቱ የመጣበት የጫካ ክፍል ቁጥር።

በስድስት ዓመት ውስጥ ቅጠል ያለበት እጀታ በሰው እጅ ላይ ተሰብሮ አያውቅም ነበር። ቦይ ቆፋሪ፣ ድንጋይ ፈላጭ፣ የመንገድ ሠራተኛ ሱቅ ገብቶ «ቅጠል ያለበቱን ስጠኝ» ነው የሚለው። የመጥረቢያ ዛቢያ ብቻ አይሠሩም። አንድ ደንበኛ ልቡ እስኪወልቅ ቢለምነው፣ ጋሽ ማገዶ «ጌታው፣ እኛ ጠላት አናስታጥቅም» ብሎ ሸኝቶታል።

በጆሮው መኩራቱን አይደብቅም ነበር። ዳቦ ሲገዛ ያንኳኳል፣ በር ሲገዛ ያንኳኳል። ባለቤቱ፣ «እኔን ሲያገባኝ ብቻ ነው ሳያንኳኳ የወሰደኝ፣ እሱም ስለተቻኮለ ነው» ትላለች። አስተምረን ያሉት ሠራተኞች አልጠፉም። «ጆሮ በትምህርት አይገኝም» ይላቸዋል። እውነቱን ለመናገር መስጠት አልፈለገም። ሰው እንዲህ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ያለው ሰው ያንን አንድ ነገር ቆጥቦ ይይዛል።

ታዲያ ይህ ጆሮ ከዳው።

መቼ እንደጀመረው አያውቅም። እዚህም፣ ከዚህ በፊት በሠራባቸው ቤቶችም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ሲጮኽ የኖረው ቶርኖ ሥራውን ቀስ በቀስ ሠርቷል። ወፍራም ድምፅ ይሰማዋል፣ ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረው ይሰማዋል። የጠፋበት ቀጭኑ ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ፣ ከተማው ወፍ ጨረሰ ብሎ አለፈው። ከዚያ የበር ደወል ሄደ። ባለቤቱ ከጓዳ ስትጠራው ዝም ሲላት «ዛሬም ጆሮ ዳባ ልበስ» እያለች ታልፈው ጀመር። ሠራተኞቹም አኩርፏል ይሉት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ እሱ የሚወራውን መጨረሻ የሚሰማው እሱ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ጋ ተቀመጠና አንድ እጀታ አንኳኳ። ዱብ አለ። ሁለተኛውን አንኳኳ፣ ዱብ። አሥረኛውም ዱብ፣ ሃያኛውም ዱብ። ሁሉም የተሰነጠቀ ሊሆን አይችልም። ዙሪያውን ቢያይ ሁሉም ሥራውን እየሠራ ነው።

ያን ጊዜ መነሳት ነበረበት። አልተነሳም። እንደ ወትሮው ከአሥር አንዱን ይጥል ስለነበር፣ ከአሥር አንዱን በዓይኑ መርጦ፣ ቀለሙ ያላማረውን፣ ክብደቱ ያልጣመውን፣ «ማገዶ» እያለ መጣል ጀመረ። ማንም አላወቀበትም። የሚጣለውን እጀታ እየሰበሰበች ምድጃ የምትማግደው እትዬ ፍም ብቻ አንድ ሁለቴ ቀና ብላ አየችው። እትዬ ፍም እንዲህ ያሏት ምድጃዋን ስለማትለይ ነው። ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች፣ በቀን አሥር ቃል የማትናገር ሴት ናት። አየችውና ጎንበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

እንዲህ ሆኖ አራት ወር አለፈ። እነዚህ አራት ወራት ደግሞ የሰባተኛው ክፍል የሙከራ ወራት ነበሩ።

ስድስቱን ክፍል መምህርት በየዓመቱ አንድ አንድ እያለች ተከራይታ ነበር። የሰባተኛው ባለቤት አንዲት አሮጊት ሴት ነበሩ፣ ከስድስቱ ሁሉ የተዋበውም የእሳቸው ነው። ምንጩ ያለው እዚያ ነው፣ ሁለት ሰው ተያይዞ አቅፎ የማይጨርሳቸው አርባ ትልልቅ ዛፎች ያሉትም እዚያ ነው። ሰባተኛው ካልተገኘ ስድስተኛው ሲያልቅ ወዴት ይኬዳል? አንደኛው ገና አልደረሰም፣ ሳይደርስ ከተቆረጠ ደግሞ ሥራው ሁሉ ውሃ በላው። አሮጊቷ ጥቂት እንጨት ለሙከራ እንዲቆረጥ ፈቅደው ነበር፤ አራት ወሩ ሲሞላ ግን «ከተስማማችሁ እስከ ዓርብ ለሃያ ዓመት እንፈራረም። ካልሆነ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ጠይቀውኛል፣ ለእነሱ እሸጠዋለሁ። እነሱ ሥሩን ሳይቀር ነው የሚነቅሉት፣ እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ መጠበቅ አልችልም» አሉ።

ዓርብ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ የትልቁ መሣሪያ መደብር ወኪል አሥራ አንድ የተሰበሩ እጀታዎች ይዞ መጣ።

ወኪሉ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልቀለደም። እጀታዎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቸው። «አንዱ ቦይ ቆፋሪ የእጅ አንጓው ተሰብሯል። እኔ እናንተን አምኜ ነው የሸጥኩለት» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። መምህርት አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች። ቅጠል አለበት። ከቅጠሉ ሥር ሰባት ቁጥር። ሁሉም ላይ ሰባት ቁጥር።

መምህርት ወደ ጋሽ ማገዶ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ እነዚህ በጆሮህ አልፈዋል አይደል?»

አራት ወር ሙሉ ከሰባተኛው በቀር ሌላ እንጨት እንዳልተሠራ፣ ስለዚህ የተሰበረው ሁሉ ሰባት ቁጥር ቢኖረው እንደማይገርም ያውቃል። መናገር ይችል ነበር። አሥራ አራት ሰው ያየዋል፣ ወኪሉ ያየዋል።

«በጆሮዬ ነው ያለፉት። እንጨቱ ነው። የሰባተኛው እንጨት ልበ ሰባራ ነው» አለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላማ ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል። አንዱ «እኔም ስቆርጠው ከብዶኝ ነበር» አለ። ሌላው «ውሃ ዳር የበቀለ እንጨት ድሮም አይረባም» አለ። ትናንት ያሞገሱትን እንጨት በአንዴ ማገዶ አደረጉት። መምህርት የተሰበሩትን እጀታዎች ሰብስባ አቀፈቻቸውና፣ «የጋሼ ጆሮ አይሳሳትም። ሰው የሚጎዳ እንጨት ቅጠላችንን አንተኩስበትም። ሰባተኛውን አንፈርምም» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ ማገዶ ግን ያውቃታል፣ እህቷን ካገባበት ጊዜ አንስቶ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ውስጧ ተሰብሮ ነበር።

ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፈው እሱ ነው የሚያውቀው። ምግብ አልበላለት አለ። ባለቤቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ጥርሴን» አላት። ጥርሱ ድንጋይ ይቆረጥም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት መምህርት «ጋሼ፣ ሰባተኛው ውስጥ የቀሩ ገመዶችና መጋዞች አሉ፤ እንሂድና እናውጣቸው» አለችው። አብረው ሄዱ። ዕቃውን ሰብስበው ሲያበቁ መምህርት አልተመለሰችም። ጫማዋን እንደማውለቅ አደረጋትና ተወችው፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ዛፎች ገባች። እሱም ተከተላት። አንዱን ዛፍ ነካ ታደርጋለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ለእያንዳንዱ የምትነግረው ነገር ያላት ትመስላለች። ጋሽ ማገዶ ከኋላ እያያት፣ ይህች ሴት ልጅ የላትም፣ ቤት አልሠራችም፣ የተማሪ ደብተር ስታርም ያገኘችውን ጥሪት ሁሉ እዚህ ቀበረችው ብሎ አሰበ። በዚህ ምድር ላይ እንደ እሷ የሚያከብረው ሰው የለም። እሷን ነው የዋሻት።

ምንጩ ዳር ቆመች። ነፋስ መጣ። አርባውም ዛፍ ከላይ እስከ ታች ተንቀሳቀሰ፣ ቅጠሉ ሁሉ ተገለባበጠ።

«ስማው ጋሼ። ከዓርብ በኋላ ይህን ድምፅ የሚሰማው የለም» አለችው ወደ እሱ ዞራ።

ጋሽ ማገዶ ቀና አለ። ቅጠሉ ይርገበገባል። ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይወርዳል። አንድም ድምፅ የለም። ያን ያህል ዛፍ ተንቀሳቅሶ፣ ያን ያህል ውሃ ወርዶ፣ ጭጭ። ጆሮው እንደጠፋ ከአራት ወር በፊት ቢያውቅም ምን እንዳጣ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ጉቶ ላይ ተቀመጠ።

«አይሰማኝም» አላት።

«ምኑ?»

«ምኑም። ነፋሱም፣ ውሃውም። እጀታውም። አራት ወር ሆነኝ። በግምት ነበር የማሳልፈው። እንጨቱ ምንም አላደረገም።»

መምህርት ፊት ለፊቱ መጥታ ቁጢጥ አለች፣ እንዲሰማ።

«የጆሮህ ነገር ያሳዝናል። የማንም ጆሮ ይጠፋል። እንጨቱን ግን ለምን ከሰስከው?»

«ፈራሁ።»

«ማንን? እኔን ነው?»

«ከድንጋዩ መነሳትን። ከድንጋዩ ከተነሳሁ ማነኝ?»

«አሥራ አራት ሰው ፊት ነው የተናገርከው» አለች ተነስታ። «አሥራ አራት ሰው ፊት ትመልሰዋለህ።» ከዚያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ መንገዱ ሄደች። እስከ ከተማ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችውም፤ ብትናገርም ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር አይሰማውም።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ጋሽ ማገዶ ድንጋዩ አጠገብ ቆመ። አልተቀመጠም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ የሰኞውን ቃል ግን ወርዶም ቢሆን ማምጣት ነበረበት። ኮፍያውን አውልቆ ሁሉንም ነገራቸው። አላሳጠረውም፣ ሰበብም አልጨመረበትም። «የሰውዬው እጅ የተሰበረው በእኔ ነው። እንጨቱን የከሰስኩት ለራሴ ብዬ ነው» አላቸው። ማንም ዓይኑን አላነሳም። «ውሃ ዳር የበቀለ እንጨት አይረባም» ያለው ሰውዬ ጫማውን ያይ ጀመር።

መምህርት የሚቀጥለውን አሰበች። «ጥሩ። አሁን እውነቱን አውቀናል። ግን ወኪሉ በአፋችን እንዴት ያምነናል? አንድ ጊዜ እንጨቱ ነው ብለናል፣ አሁን ደግሞ አይደለም ልንለው ነው። የሰባተኛው እንጨት ደህና ለመሆኑ የምናሳየው ምን አለን? መጋዘን ያለው ሁሉ ደህናውና ሰባራው የተደባለቀ ነው። እኔም ብሆን ሰው የሚጎዳ እንጨት እንዳልሆነ ሳላይ ለሃያ ዓመት አልፈርምም።»

ከምድጃው በኩል እትዬ ፍም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«እኔ ጋ ኑ» አለች።

ምድጃው ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የተሠራው፣ ከጀርባው ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። አመድና ሰጋቱራ የሚከማችበት ቦታ ስለሆነ ከእሷ በቀር የሚገባበት የለም። በክፍተቱ ላይ እንደ መጋረጃ ያንጠለጠለችውን ጆንያ ገለጥ አደረገችው። ከመሬት እስከ ጣሪያ እጀታ ተደርድሯል። ሥርዓት ባለው አደራደር፣ የአካፋው ለብቻ፣ የዶማው ለብቻ፣ የመዶሻው ለብቻ።

«ሦስት መቶ አርባ ነው» አለች። «ጋሼ ማገዶ ብለው የጣሏቸው ናቸው።»

«ለምን አልማገድሻቸውም?» አለች መምህርት።

እትዬ ፍም በሕይወቷ እንደዚያን ቀን የተናገረችበት ጊዜ የለም። «ስድስት ዓመት ሙሉ የሚጥሉትን ሁሉ ሳልማግደው በፊት የምድጃው አፍ ላይ አንኳኳዋለሁ። እሳቸው የሚሰሙትን ልስማ ብዬ ነው፣ ሌላ ሥራ የለኝ። ሁልጊዜ ዱብ ይል ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ግን የሚጥሏቸው ይጮኻሉ። እንዴት አድርጌ የሚጮኽ እጀታ እሳት ውስጥ ልክተት? አስቀመጥኳቸው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» ያለው ጋሽ ማገዶ ነው። ከንፈሯን እያየ።

«እርስዎ የማይሰሙትን እኔ ልሰማ ነው? ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። እኔ የማልሰማው ሌላ ነገር ይሰሙ ይሆናል አልኩ።» ትንሽ አሰበች። «ደግሞ እንጀራዎ ነው። የሰው እንጀራ ላይ አፍ አይከፈትም ብዬ ነው። የሰውዬው እጅ መሰበሩን ስሰማ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ እርስዎ ባይናገሩ እኔ እናገር ነበር።»

ጋሽ ማገዶ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮ በትምህርት አይገኝም ሲል፣ ከጀርባው አምስት እርምጃ ርቃ አንዲት ሴት በዝምታ ስትማር ነበር። ማፈር ነበረበት፣ አፈረም። ግን ከእፍረቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር መጣበት፣ አንጀቱን የሚያርስ ነገር። ጆሮው ጠፍቶ አልቀረም፤ ከእሱ ዘንድ ወጥቶ ሌላ ቤት ገብቷል።

ወኪሉ በስልክ ተጠርቶ ከሰዓት በኋላ መጣ። መምህርት አንዱንም ሳትደብቅ ነገረችው። የተሸጠውን የሰባት ቁጥር እጀታ ሁሉ ከየሱቁ ሰብስባ በነፃ እንደምትለውጥ፣ የቆፋሪውን መታከሚያ ድርጅቱ እንደሚከፍል ነገረችው። ከዚያ ከእትዬ ፍም ክምር አሥራ አንድ አስመዘዘችው፣ ራሱ እየመረጠ። ወኪሉ ኮቱን አወለቀ። አንዱን እጀታ በሁለት ግንድ ላይ አጋድሞ ወጣበት። ሰውዬው ቀላል ሰው አይደለም። እጀታው ትንሽ ጎበጠና ያዘው። ዘለለበት። ያዘው። አሥራ አንዱም ላይ ዘለለ፣ ሸሚዙ በላብ ተነከረ፣ አንድም አልተሰበረም።

«በልጅነቴ ብቻ ነው እንዲህ የዘለልኩት» አለ እያለከለከ። ከዚያ ድንጋዩን አየ። «ከእንግዲህ ማነው የሚያንኳኳው? እኔ የምገዛው ጆሮውን ነው።»

ሁሉም ወደ መምህርት አየ። መምህርት ወደ ጋሽ ማገዶ አየች። የእሱ አፍ ብቻ ነበር ይህን ሊናገር የሚገባው።

«እሷ ናት» አለ ጋሽ ማገዶ። ሄዶ የእትዬ ፍምን ክንድ ያዘና፣ እንቢ ስትል እየጎተተ፣ ስድስት ዓመት የተቀመጠባት በርጩማ ላይ አስቀመጣት።

ዓርብ ዕለት መምህርትና አሮጊቷ ባለቤት ምንጩ ዳር፣ ጉቶ ላይ ወረቀት ዘርግተው ለሃያ ዓመት ተፈራረሙ። ጋሽ ማገዶ ርቆ ቆሞ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ወደ አንዱ ትልቅ ዛፍ ጠጋ አለና ግንባሩን ግንዱ ላይ አስደገፈ። አንድ ነገር፣ በጣም ወፍራም ነገር፣ በአጥንቱ በኩል መጣ። ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ያህል እትዬ ፍም እጀታ ስትጥል አንድም ቃል አልወጣትም። ዝም ብላ ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች፣ ድንጋዩ የእሱ እንደሆነ፣ ቃሉም የእሱ እንደሆነ አድርጋ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ አንድ የዶማ እጀታ አነሳች። ጋሽ ማገዶ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ጠዋት የጠረበው ነው፤ የእሱን አጠራረብ ሁሉም ያውቀዋል። አንኳኳችው። ደግማ አንኳኳችው፤ ደግማ አንኳኩታ አታውቅም። ጋሽ ማገዶ ቶርኖውን አጠፋና ፊቷን አየ።

«ማገዶ» አለች እትዬ ፍም።

መጣና ከእጇ ተቀበላት። ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ፣ አገላበጠው። ምንም አይታይም። ጥፍሩን በአንገቱ ዙሪያ ቀስ አድርጎ አስኬደ። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሩ ያዝ አደረገው። ፀጉር የማታክል ስንጥቅ ነበረች፣ የሰው እጅ የምትሰብር።

«ልክ ነዎት» አላት።

ምድጃው ድረስ ሄዶ በሩን ከፈተና እጀታውን ራሱ ከተተው። እስኪቀጣጠል ቆሞ አየው። ተመልሶ ወደ ቶርኖው ሲሄድ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ ስሙም ለእትዬ ይተላለፋል ማለት ነው?» አለው።

«ይተላለፍላት» አለ ጋሽ ማገዶ፣ አዲስ እንጨት ከክምሩ እያነሳ። «ሠርታበታለች።»